በጥጥ ውስጥ መልእክት አድራሽ ፔፕታይዶችና ዘረ መሎቻቸው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጥጥ ዘረ መል በተነሳ ቁጥር ወሬው ወደ ትል መከላከያ ወይም ወደ ምርት ብዛት ማዘንበሉ የተለመደ ነው። እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ግን አንዲት የጥጥ ጭረት ከዘሯ ላይ እንድትበቅል፣ እንድትረዝምና መርዘሟን እንድታቆም የሚነግሯትን ጥቃቅን መልእክተኞች የሚመለከቱ ናቸው። ማስረጃው በበረታበት ቦታ ቆይተን፣ በሳሳበት ቶሎ እናልፋለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልእክት አድራሽ ፔፕታይድ የሚባለው ምንድን ነው?

ፔፕታይድ ጥቂት አሚኖ አሲዶች እንደ ጨሌ ተሰክተው የሚሠሩት አጭር ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ሲረዝምና ሲጠቀለል ፕሮቲን ይባላል። መልእክት አድራሽ የምንላቸው ፔፕታይዶች አንዱ ህዋስ ሠርቶ ወደ ውጭ የሚለቃቸው ሲሆኑ፣ በጎረቤት ህዋስ ሽፋን ላይ ከተተከለ ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ተጋጥመው በዚያ ህዋስ ውስጥ አንድን ሥራ ያስጀምራሉ ወይም ያስቆማሉ። በእንስሳት አካል ኢንሱሊን የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

እጽዋት ግን እንደ ኦክሲን፣ ጂበረሊን፣ ሳይቶካይኒንና ኤቲሊን ባሉ፣ ፔፕታይድ ባልሆኑ ሆርሞኖች ብቻ የሚነጋገሩ ሆነው ለረጅም ጊዜ ተቆጥረዋል። ይህ አስተሳሰብ የተለወጠው በ1991 በአሜሪካ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የክላረንስ ራያን ቡድን ከቲማቲም ቅጠል 18 አሚኖ አሲዶች ያሉትን ሲስተሚን የተባለ ፔፕታይድ ባገኘ ጊዜ ነው። ቅጠሏን ትል የበላባት ቲማቲም በሲስተሚን አማካይነት ለትሉ ሆድ የማይስማማ ፕሮቲን ማምረት ትጀምራለች። ከዚያ ወዲህ ብዙ የእጽዋት ፔፕታይድ ቤተሰቦች ታውቀዋል፤ ጥጥም የብዙዎቹ ባለቤት ነው።

«ሲግናል ፔፕታይድ» ከሚባለው ጋር አንድ ነው?

አይደለም፤ የስሞቹ መመሳሰል ተማሪዎችን ብቻ ሳይሆን ጽሑፍ የሚያርሙ ሰዎችንም ያሳስታል። ሲግናል ፔፕታይድ ማለት ከህዋሱ ሊወጣ በተዘጋጀ ፕሮቲን ፊት ላይ የተለጠፈ፣ የሚሄድበትን አቅጣጫ የሚያመለክት አጭር ቅጥያ ነው። ጉንተር ብሎቤል በ1999 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ፕሮቲኖች እንዲህ ያለ አድራሻ በራሳቸው ላይ እንደሚይዙ በማሳየቱ ነበር። ቅጥያው ሥራውን እንደጨረሰ ተቆርጦ ይጣላል። መልእክት አድራሹ ፔፕታይድ ግን ራሱ መልእክቱ ነው። ግራ መጋባቱን የሚያባብሰው ደግሞ አብዛኞቹ መልእክት አድራሾች ከህዋስ ለመውጣት ያንኑ የአድራሻ ቅጥያ የሚጠቀሙ መሆናቸው ነው። ስለዚህ በአንድ ዘረ መል ውስጥ ሁለቱም ይገኛሉ፤ አንዱ ፖስታው ላይ የተጻፈው አድራሻ፣ ሌላው በፖስታው ውስጥ ያለው ደብዳቤ ነው ማለት ይቻላል።

ዘረ መሎቻቸውን ማግኘት ለምን ይከብዳል?

ዘረ መሉ በመጀመሪያ የሚያሠራው ፔፕታይዱን ሳይሆን፣ ብዙውን ጊዜ ወደ 100 የሚጠጉ አሚኖ አሲዶች ያሉትን ቀዳሚ ፕሮቲን ነው። የዚህ ፕሮቲን ፊተኛው ጫፍ የአድራሻ ቅጥያ ነው፤ መካከሉ ከዝርያ ዝርያ እንደልቡ የሚለዋወጥ ሲሆን፣ ሥራ የሚሠራው ክፍል በአብዛኛው መጨረሻው አካባቢ የምትገኝ ከ5 እስከ 15 አሚኖ አሲድ ያላት ቁራጭ ናት። ቆራጭ ኢንዛይሞች መጥተው ይህችን ቁራጭ ነጥለው ያወጧታል። በኮምፒውተር የሚደረገው የዘረ መል ፍለጋ ረጅምና ተመሳሳይ የዲ ኤን ኤ ጽሑፍ ላይ ጎበዝ ነው። 300 ፊደል ብቻ ያላት፣ ከዚያም ውስጥ የምትመሳሰለው የ40 ፊደል ጭራ ብቻ የሆነች ዘረ መል ግን በቀላሉ ታመልጠዋለች። በዚህ ምክንያት በመጀመሪያዎቹ የጥጥ ጂኖም (የተክሉ ሙሉ የዲ ኤን ኤ ጽሑፍ) ዝርዝሮች ውስጥ አንድ ዘረ መል አለመኖሩ ጥጥ ውስጥ አለመኖሩን አያሳይም፤ አንባቢ ይህን ልብ ሊል ይገባል።

የጥጥ ጭረት ለዚህ ዓይነት ጥናት ለምን ተመረጠ?

አንድ ጭረት አንድ ህዋስ በመሆኑ ነው። ጥጥ በእጁ ዳምጦ የሚያውቅ ሰው ፍሬው ላይ የተጣበቀውን ነገር ሲጎትት ጣቶቹ መካከል የሚቀረው እያንዳንዱ ጭረት ከዘሩ ቆዳ ላይ ተነስቶ የተመዘዘ አንድ ህዋስ ነው። ርዝመቱ በተለመደው የአሜሪካ ጥጥ 2.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ውፍረቱ ግን ከ20 ማይክሮ ሜትር አይበልጥም፤ ማለትም ርዝመቱ ከውፍረቱ ከ1,000 እጥፍ በላይ ነው። በአንድ ዘር ላይ እንዲህ ያሉ ህዋሳት ከ10,000 በላይ ይበቅላሉ። ሆኖም ከለጋው ዘር የላይኛ ቆዳ ህዋሳት መካከል ጭረት የሚሆኑት ወደ ሩብ የሚጠጉት ብቻ ሲሆኑ የቀሩት ተራ ቆዳ ሆነው ይቀራሉ።

ጊዜውም የተከፋፈለ ነው። አበባው በሚፈነዳበት ቀን አካባቢ የተመረጡት ህዋሳት ከቆዳው በላይ እንደ ጉብታ ብቅ ይላሉ፤ ከዚያም ሦስት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ ይረዝማሉ፤ ከ16ኛው ቀን አካባቢ ጀምሮ ሴሉሎስ በግድግዳቸው ላይ እየተነባበረ ይወፍራሉ፤ በ50 ቀን ገደማ ፍሬው ይፈነዳል። መርዘምና መወፈር ተደራርበው የሚያልፉበት ያ ሳምንት የጭረቱን ዕጣ ይወስናል። ለፈታይ እጅ ይህ ሁሉ የታወቀ ነው፤ ረጅምና ቀጭን ጭረት ያለው ባዘቶ ከእንዝርት ላይ ሳይበጠስ ለነጠላ የሚሆን ቀጭን ፈትል ይወጣዋል፣ አጭሩ ግን ወደ ጋቢ ማግ ይሄዳል።

በጥጥ ላይ በደንብ የተፈተነው ፔፕታይድ የትኛው ነው?

በእኛ ግምት ፋይቶሰልፎካይን ነው። ፋይቶሰልፎካይን አምስት አሚኖ አሲድ ብቻ አለው፤ በቅደም ተከተል ታይሮሲን፣ አይሶሉሲን፣ ታይሮሲን፣ ትሪዮኒንና ግሉታሚን ናቸው። ሁለቱም ታይሮሲኖች ላይ የሰልፌት ቅንጣት ካልተለጠፈባቸው መልእክቱ በትክክል አይሠራም። በ1996 በጃፓን ተመራማሪዎች የተገኘው በጥጥ ላይ ሳይሆን በአስፓራገስ ህዋሳት ላይ ነው፤ ህዋሳቱ ተራርቀው በፈሳሽ ውስጥ ሲቀመጡ መከፋፈል ያቆሙ ነበር፣ ይህ ፔፕታይድ ሲጨመርላቸው ግን እንደገና ጀመሩ።

በጥጥ ላይ የተሠራውና በ2014 የታተመው ጥናት በአካሄዱ የሚያስመሰግን ስለሆነ በዝርዝር ማየት ይገባል። ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙበት ዘዴ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ ነው፦ አበባው በፈነዳ በቀናት ውስጥ ለጋ ዘሮቹ ከፍሬው ወጥተው በብልቃጥ ውስጥ በተዘጋጀ ፈሳሽ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ በጨለማና በሙቀት ሲቆዩ ጭረታቸው እዚያው ይበቅላል። በዚህ ፈሳሽ ላይ ፋይቶሰልፎካይን ሲጨመር ጭረቱ ይበልጥ ረዘመ። ይህ ብቻውን ግን ብዙ አያሳምንም፤ ከውጭ የተጨመረ ነገር ተክሉ በራሱ የማይጠቀምበትን ውጤት ሊሰጥ ይችላልና። ስለዚህ ክሎሬት የተባለ፣ በፔፕታይድ ላይ ሰልፌት እንዳይለጠፍ የሚያግድ ኬሚካል ጨመሩ፤ የጭረቱ እድገት ተገታ። ከዚያ ክሎሬቱ ባለበት ላይ ሰልፌቱ አስቀድሞ የተለጠፈበት ዝግጁ ፋይቶሰልፎካይን ሲጨምሩ፣ እድገቱ በከፊል ተመለሰ። «በከፊል» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ክሎሬት የሚያግደው ይህን አንድ ፔፕታይድ ብቻ ሳይሆን ሰልፌት የሚሹትን ሁሉ ስለሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ቢመለስ ኖሮ ነበር የሚያጠራጥረው።

ቀጥለው የጥጡን የራሱን ዘረ መል ለይተው አወጡ። ዘረ መሉ በብዛት የሚነበበው፣ ማለትም ህዋሱ ሥራ ላይ የሚያውለው፣ ከአበባው መፈንዳት በኋላ ከ5ኛው እስከ 20ኛው ቀን፣ ማለትም ጭረቱ በፍጥነት በሚረዝምበት ወቅት ሆኖ ተገኘ። መጠኑ ከፍ እንዲል በተደረገባቸው የጥጥ ተክሎች ጭረቱ ረዘመ፣ ቀጠነም።

አምስት አሚኖ አሲድ አንድን ህዋስ እንዴት ያስረዝማል?

ጥናቱ ወደ ፖታሲየም ያመለክታል። የሚረዝም ጭረት እንደሚነፋ ረጅም ፊኛ ነው፤ በውስጡ ስኳርና ፖታሲየም ሲጠራቀሙ ውኃ ይከተላቸዋል፣ ውኃው የሚፈጥረው ግፊት ገና ያልጠነከረውን ግድግዳ ይገፋዋል። እንዲያውም ከ10ኛው ቀን አካባቢ ጀምሮ ለጥቂት ቀናት ጭረቱን ከዘሩ ቆዳ ጋር የሚያገናኙት ጥቃቅን መተላለፊያዎች እንደሚዘጉ በ2001 ታይቷል፤ በሩ ሲዘጋ ግፊቱ አያመልጥም። ፋይቶሰልፎካይን ፖታሲየም ከህዋሱ የሚወጣበትን ፍሰት እንደሚቆጣጠር በኤሌክትሪክ ልኬት የተገኘው ውጤት ከዚህ ሥዕል ጋር ይስማማል። ከፔፕታይዱ መድረስ አንስቶ እስከ ፖታሲየም መውጫው ድረስ ያለው ሰንሰለት ግን ብዙ ቀለበቶች አሉት።

ሌሎቹ የፔፕታይድ ቤተሰቦችስ?

ስማቸው ብዙ ነው፤ ሦስቱን ብቻ እናንሳ። ክሌ የሚባለው ቤተሰብ 12 ወይም 13 አሚኖ አሲድ ያላቸው ፔፕታይዶችን ይይዛል። ከእነርሱ መካከል ክላቫታ 3 የተባለው በእድገት ጫፍ ላይ ያሉት ግንደ ህዋሳት ቁጥራቸው ከልክ እንዳያልፍ ይከለክላል፤ ክሌ 25 የተባለው ደግሞ አፈር ሲደርቅ ከሥር ወደ ቅጠል ተጉዞ የቅጠል ቀዳዳዎች እንዲዘጉ እንደሚያደርግ በ2018 ታውቋል። ሁለቱም የተረጋገጡት አራቢዶፕሲስ በተባለችው የቤተ ሙከራ ተክል ነው። ራልፍ የሚባለው ቤተሰብ በ2001 ከትምባሆ የተገኘ ሲሆን፣ በደቂቃዎች ውስጥ በህዋሱ ዙሪያ ያለውን ፈሳሽ አሲድነት ይቀንሳል፤ ግድግዳ የሚለሰልሰው በአሲድ ስለሆነ እንዲህ ያለው ለውጥ መርዘምን ይገታል። አይዳ የተባለው ደግሞ አበባና ቅጠል በጊዜያቸው እንዲረግፉ የሚያዝዝ ነው። እንቡጥና ለጋ ፍሬ የሚረግፍበት የጥጥ ገበሬ ለዚህኛው ጆሮውን ቢያቆም አይፈረድበትም፤ ነገር ግን በአራቢዶፕሲስ የታየ ሥራ በጥጥም እንዳለ ይደገማል ብሎ መነሳት ስህተት ነው።

ጥጥ ለምን የእያንዳንዱ ዘረ መል ብዙ ቅጂ አለው?

መልሱ በዝግመተ ለውጥ ታሪኩ ውስጥ ነው። ጎሲፒየም በሚባለው ወገን ወደ 50 የሚሆኑ ዝርያዎች ሲኖሩ፣ ሰው ያለመዳቸው አራት ናቸው። ሁለቱ፣ ማለትም ሄርባሲየምና አርቦሪየም፣ የአፍሪካና የእስያ ሲሆኑ 13 ጥንድ ክሮሞዞም አላቸው። ሌሎቹ ሁለቱ፣ ሂርሱተምና ባርባደንስ፣ የአሜሪካ ናቸው፤ 26 ጥንድ አላቸው። ይህ እጥፍ የመጣው ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከአፍሪካና እስያ ወገን የሆነ፣ ኤ የሚባለውን ጂኖም የያዘ ጥጥ፣ ዲ የሚባለውን ጂኖም ከያዘ የአሜሪካ ዝርያ ጋር ተዳቅሎ ሁለቱም ጂኖሞች በአንድ ህዋስ ውስጥ አብረው መኖር በመጀመራቸው ነው። ከዲ ወገን ለዚያ ጥንታዊ ወላጅ ይበልጥ የሚቀርበው በፔሩ የሚበቅለው ራይሞንዲ ነው፤ ጂኖሙ በ2012 ተነቧል። በዚያ ንባብ ደግሞ ከ60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የጥጥ ቅድመ አያት ጂኖም አምስት ወይም ስድስት እጥፍ የበዛበት ሌላ የቆየ ክስተት ታየ። የጥጥ ዘመድ የሆነው ካካዎ ይህ አልደረሰበትም፤ ስለዚህ ተመራማሪዎች የጥጥን ዘረ መሎች ሲቆጥሩ ካካዎን እንደ መነሻ ይይዙታል።

እንግዲህ በካካዎ አንድ የሆነ የፔፕታይድ ዘረ መል በሂርሱተም ውስጥ በበርካታ ቅጂ ቢገኝ አያስገርምም። የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከቅጂዎቹ ገሚሶቹ ጠፍተዋል፣ ገሚሶቹ ሥራውን ተከፋፍለዋል፤ አንዱ በሥር ሌላው በጭረት የሚነበቡ ሆነዋል። የቅጂዎቹን ጽሑፍ ጎን ለጎን ስናነብ የምናየው ልዩነት ደግሞ በእኩል አልተሠራጨም። የቀዳሚው ፕሮቲን መካከለኛ ክፍል በለውጥ ተዥጎርጉሯል፤ የመጨረሻዋ ቁራጭ ግን በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ እምብዛም አልተነካችም፤ አንዲት አሚኖ አሲድ ብትለወጥ ተቀባዩ ላያውቃት ይችላልና። ፖስታው ቀለሙን ቢቀያይር ግድ የለም፤ ደብዳቤው ግን ቃል በቃል መድረስ አለበት።

ብዙ ቅጂ ማለት ረጅም ጭረት ማለት ነው?

አይደለም። በየጊዜው የሚወጡ ብዙ ጽሑፎች «በጥጥ ውስጥ ይህን ያህል የእገሌ ቤተሰብ ዘረ መል አገኘን» በሚል ቆጠራ ላይ ያበቃሉ፤ ቆጠራው ጠቃሚ መነሻ ቢሆንም አንድ ዘረ መል ምን እንደሚሠራ አይናገርም፤ ከመቶ ገጽ ዝርዝር ይልቅ ከላይ ያየነው የክሎሬት ሙከራ ይበልጥ ያስተምራል። የኤ ጂኖም መጠን የዲን ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ ልዩነቱ የመጣው ግን በአብዛኛው ራሳቸውን እያባዙ በተሰራጩ ተደጋጋሚ ቅንጣቶች እንጂ በዘረ መል ብዛት አይደለም። በሌላ በኩል የዲ ወገን የዱር ዝርያዎች የሚፈተል ጭረት የላቸውም። ይሁንና በ1998 የታተመ የክሮሞዞም ካርታ ጥናት የሚታረሰውን ጥጥ የጭረት ጥራት የሚወስኑ ብዙ ቦታዎች ከዲ በመጣው ክፍል ላይ እንደሚገኙ አሳይቷል። ጭረት የሌለው ወላጅ ለጭረት ጥራት ያበረከተው ነገር እስካሁን ድረስ ከጥጥ ጥናት እጅግ ማራኪ እንቆቅልሾች አንዱ ነው።

በእኛ አካባቢ የነበረው ጥንታዊ ጥጥ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው?

አለው። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖባዎች ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው ጽሑፍ ውስጥ የእህልና የጥጥ ጎተራዎቻቸው እንደወደሙ ይነገራል። ጽሑፉ ዝርያውን አይጠቅስም፤ የአሜሪካ ጥጥ ውቅያኖሱን ገና ስላልተሻገረ ግን ኤ ጂኖም ያለው የአሮጌው ዓለም ጥጥ መሆኑ አያከራክርም። ይህን የሚያጠናክር ማስረጃ ከዚያው ከኖቢያ ምድር መጥቷል። በደቡብ ግብፅ ቃስር ኢብሪም ከተባለ ቦታ የተገኘ 1,600 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የጥጥ ቅሪት ዲ ኤን ኤ ተነቦ ሄርባሲየም መሆኑ በ2012 ታውቋል። በአፍሪካ ቀንድና በዓረብ ልሳነ ምድር ደግሞ ኢ የሚባል የተለየ ጂኖም ያላቸው የዱር ዝርያዎች ይበቅላሉ፤ ጭረታቸው ለፈትል አይሆንም፤ ድርቅ በሚበረታበት ምድር የኖሩ በመሆናቸው ግን የሥርና የቅጠል መልእክቶቻቸው ቢጠኑ የሚያስቆጭ አይመስለንም።

ተባዮችና በሽታዎች እነዚህን መልእክቶች ይሰርቃሉ?

ይሰርቃሉ፤ ያውም በብልሃት። በጥጥ ሥር ላይ የሚኖረው ሬኒፎርም ኔማቶድ የተባለ ጥቃቅን ትል የክሌን ቤተሰብ የሚመስሉ ፔፕታይዶች የሚያሠሩ የራሱ ዘረ መሎች አሉት። የአኩሪ አተር ሥር ትል በዚሁ ዓይነት አስመሳይ ፔፕታይድ የሥሩን ህዋሳት አታሎ የምግብ ማዕድ እንዲያዘጋጁለት ያደርጋል። ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም የተባለው ፈንገስ ደግሞ ራልፍን የሚመስል ፔፕታይድ እንደሚሠራና በዚህም የቲማቲምን ሥር አካባቢ አሲድነት ቀንሶ እንደሚያጠቃ በ2016 ታይቷል። የዚሁ ፈንገስ አንዱ ዓይነት የጥጥ አጠውላጊ በሽታን ያመጣል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተፈቀደው የቢቲ ጥጥ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

አይገናኝም። በ2018 የተፈቀደው የቢቲ ጥጥ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ከተባለ ባክቴሪያ የመጣ ዘረ መል ያለው ሲሆን፣ ዘረ መሉ የሚያሠራው ፕሮቲን ጓይ ትልን የሚገድል ነው። በህዋሳት መካከል መልእክት አያደርስም፤ ጭረትን ለማስረዘምም አልታሰበም።

ፋይቶሰልፎካይንን ማሳ ላይ መርጨት አይቻልም ወይ?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጭረቱ የሚረዝመው በተዘጋ ፍሬ ውስጥ ነው። ቅጠል ላይ የተረጨ ፔፕታይድ ሰም የለበሰውን ቆዳ አልፎ፣ ከሚቆርጡት ኢንዛይሞች ተርፎ፣ በፍሬው ግድግዳ ዘልቆ ዘሩ ጋ መድረስ ይጠበቅበታል። ይበልጥ ተስፋ የሚሰጠው ተክሉ ራሱ ፔፕታይዱን የሚያመርትበትን ጊዜና መጠን ማስተካከል ነው። ቲማቲም ለዚህ ምሳሌ ናት፤ ትልልቆቹ የቲማቲም ዓይነቶች ፍሬያቸው ከገዘፈባቸው ምክንያቶች አንዱ የክላቫታ 3 ዘረ መል መዳከም ነው፤ በ2017 ደግሞ በኒውዮርክ ኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር የዛካሪ ሊፕማን ቡድን የዚህን ዘረ መል መቆጣጠሪያ ክፍል ብቻ ክሪስፐር በተባለው የዘረ መል ማረሚያ ዘዴ እየነካካ የተለያየ የፍሬ መጠን ያላቸው ተክሎችን አግኝቷል። ደብዳቤው ሳይነካ የሚላክበት መጠን ተለወጠ ማለት ነው።

በአነስተኛ ቤተ ሙከራ ይህን ጥናት መጀመር ይቻላል?

ይቻላል። የጥጥ ጂኖሞች ኮተንጄን በተባለው የመረጃ ቋት ውስጥ ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ የፔፕታይድ ዘረ መሎችን ፈልጎ መዘርዘር ኮምፒውተርና ትዕግሥት ይበቃዋል። ለጋ ዘርን በብልቃጥ ማሳደግም ንጹሕ ክፍል፣ 32 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ያለው ጨለማ ሳጥንና ሁለት ሆርሞኖች፣ ኦክሲንና ጂበረሊን፣ እንጂ የተራቀቀ መሣሪያ አይጠይቅም። እንደ ወረር ባለው የግብርና ምርምር ማዕከል በእጅ የሚገኙት የተሻሻሉ ዝርያዎች ለማወዳደሪያ ይሆናሉ።

ሥራውን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ የቀን ስሌት ነው። የአምስተኛው ቀን ጭረት ከሰባተኛው ቀን ጋር ከተደባለቀ የዘረ መሉ ንባብ ትርጉም ያጣል። ስለዚህ ተመራማሪው በጠዋት ማሳ ወርዶ በዚያ ቀን የፈነዳውን አበባ ብቻ ይመርጣል። ነጣ ያለ ክሬም መልክ ያለው የዛሬ ነው፤ ወደ ሮዝ ያደላው የትናንት ስለሆነ ይታለፋል። ከዚያ በአበባው አንገት ላይ ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት በክር ይታሰራል።